በረዶው የቀለጠ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ሰላም ደወለችልኝ። በእንስሳት ጤና ሥራ ገና ሦስት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ የክትባቱ በረዶ ቀልጦብኛል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ትእዛዝ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ወገዳ ትዝ አለችኝ።

ያኔ እኔም ጀማሪ ነበርሁ፤ ከኪሴ የገብስ ቆሎና የግጥም ደብተር የማይጠፋ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ። የመጀመሪያው አለቃችን እሱ ሳይፈቅድ መርፌ እንኳ አያስነካንም ነበር። ስለዚህ ጥፋት ሲመጣ የሱ ነው ብለን እንተወው ነበር። በእሱ ቦታ ወይዘሮ አበቡ መጡ። የክትባቱን ሳጥን ሰጡኝና «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሳጥን ሰው አንተ ነህ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ተቆጣጣሪ የለብኝም ማለት መሰለኝ።

በጥቅምት የበግ ፈንጣጣ ክትባት ከንፋስ መውጫ ከተማ ይዤ ስመጣ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ ቢጫ የገብስ ማሳ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ግጥም መጣልኝ። ሳጥኑን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንደተጫነ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። በማግስቱ ማለዳ ስከፍተው በረዶው ቀልጦ የክትባቱ ብልቃጦች ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ።

የተበላሸ ክትባት ከደህናው በዓይን አይለይም። ብወጋው ማንም አያውቅብኝም፤ ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት በግ እንደተከተበ ብቻ ነው። ዕለቱ ሚካኤል ስለሆነ እርሻ የለም፤ ገበሬው በጎቹን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ይጠብቀኛል። ወደ ወይዘሮ አበቡ ሮጥሁ።

«ልከትብ ወይስ ልተው?»

«የራስህ በጎች ቢሆኑ ትወጋቸዋለህ?»

«አልወጋም።»

«ታዲያ ለባለበጎቹ ንገራቸው። አብሬህ እሄዳለሁ፤ ግን አልናገርልህም።»

መስኩ በበግ ተሞልቷል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ግጥሙን ሳይቀር። አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው «በሉ እንግዲህ ግጥሙን ለበጎቼ ያንብብላቸው፣ ምናልባት ይድኑ ይሆናል!» አሉ። መስኩ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ አንካሳ በጓን ተሸክማ ነበር የመጣችው።

«መቼ ትመለሳለህ?» አለችኝ።

ወይዘሮ አበቡን አየሁ። ወደ ተራራው ዞረዋል።

«እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ» አልሁ።

ዓርብ ንፋስ መውጫ ሄጄ አዲስ ክትባትና በረዶ ሞልቼ፣ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስሁ። መንገዱ አጥንት ይፈታል፤ ደብተሬን ግን አላወጣሁም። እሑድ ሰዎቹ መጡ። አያ ደምሴ ከሁሉ ፊት ነበሩ።

«ክፈተው፤ በእጄ ልንካው» አሉ።

ከፈትሁላቸው። እጃቸውን ከተው ቶሎ አወጡና በኩታቸው ጠረጉት።

«ይቀዘቅዛል። በል ጀምር» አሉና የመጀመሪያዋን በግ ራሳቸው ያዙልኝ።

ወይዘሮ አበቡ ያን ቀን ቢቆጡኝ ኖሮ ጥፋቴ በቁጣው ያልቅ ነበር። ቢናገሩልኝ ደግሞ ጥፋቱ የሳቸው ይሆን ነበር። ሁለቱንም ስለተዉልኝ እሑድ የኔ ሆነ።

«ሰላም፣ ያንቺ ከብቶች ቢሆኑ ትከትቢያቸዋለሽ?» አልኋት።

በቀጭን ድምፅ «አልከትብም። ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«የት ነው የሚጠብቁሽ?» ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርሁ።