ከሃያ የታረመ መርዶ

የልጅ ልጄ ቀነዓ ነቀምት ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። የሚይዘው አስራ አንደኛ ክፍልን ነው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ማለት የማያስፈልገው ከፍ ያለ በር ላይም ጎንበስ ይላል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ተማሪዎቹ እሱን ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ ይባላል።

አባቱ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ነው፤ ሌላ አግብቶ እዚያው ቀረ። እናቱ ባዩሽ የእኔ ልጅ ናት። ከወሎ በሰፈራ ስመጣ በጀርባዬ ያዘልኋት እሷ ነበረች። አድጋ ቡና ነጋዴ ሆነች፤ ከከተማ ከተማ ስለምትዞር ልጇን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሱም በአባቱ ቋንቋ አኮ ይለኛል፤ አያቴ ማለቱ ነው።

ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ኮሌጅ ሲማር ክረምት ላይ እየመጣ ጠረጴዛው አጠገብ ያስቀምጠኝ ነበር። ስሳሳት «ተሳሳትሽ» ብሎኝ አያውቅም። «እንደገና፣ አኮ» ብቻ ነው የሚለኝ። ስንት ጊዜ እንደገና እንዳለኝ እግዚአብሔር ይወቀው። ይህን የምናገረው ልጁ ክፉ አስተማሪ እንዳይመስላችሁ ነው።

ሁለት ዓመት ሆነው። ባዩሽ ቡና ልትገዛ ደምቢ ዶሎ ሄዳ እዚያው ታመመች። መንገድ የተዘጋበት ወቅት ስለነበር ሄደን ልናስታምማት አልቻልንም። ቀነዓ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጠራ። የእናቱ ቁጥር ነበርና ፈጥኖ አነሳው። የሚናገረው ግን የማያውቀው ሰው ነው፤ አጠገቧ የተኛ በሽተኛ ያስታምም የነበረ።

«የዚህ ስልክ ባለቤት ሞታለች» አለው።

ያ ሰው ክፉ አይመስለኝም። ስልኩ ላይ ያገኘውን ቁጥር ደወለ፣ ያየውን ተናገረ። ቀነዓም «እሺ፤ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋ። ደወል ሲደወል ክፍል ገባና የቀረውን ትምህርት አስተማረ። ከዚያ ቤት መጣ፤ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ፣ እንደተነገረው አድርጎ ነገረኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። የወሎም ሰው ይሁን የወለጋ፣ በዚህ አንለያይም። የሞተበት ሰው መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው። ሌሊቱን ይተኛ ተብሎ እስኪነጋ ይጠበቃል። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል፤ እንዴት አደርህ ይሉታል፤ ያስቀምጡታል። የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ ሲኖር። ቀነዓ ግን ይህ ሁሉ ቀረበት። ባዩሽንም እዚያው ቀበሯት። እኔ እዚህ አልቅሼ፣ ደረቴን ደቅቼ አወጣሁት። እሱ ሰው ሲመጣ ወንበር እያቀረበ፣ ሰው ሲሄድ እየሸኘ ሰነበተና ሸሚዙን ተኩሶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ምኑም አልተጓደለም። አይሰክርም፤ አይቆጣም፤ ደሞዙን ያመጣል። የሰጡትን ይበላል። አንድ ቀን ተሳስቼ በስኳሩ ፈንታ ጨው ሻዩ ውስጥ ጨምሬ ሰጠሁት። ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አልጣፈጠህም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ደህና ነው» አለኝ። የቀረውን እኔ ቀምሼ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ።

በዓመቱ ማብቂያ ልጆቹ በእንግሊዝኛ አጭር ልብ ወለድና ግጥም አንብበው በወረቀት ይፈተናሉ። ድራማውን ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ ክፍሉ ፊት ቆመው ይጫወቱታል፤ ከሃያ ይታረማል። የድሮዎቹ ድራማዎች ከትልልቆቹ ወደ ታናናሾቹ ከነመልሳቸው ሲተላለፉ ኖረው አልቀዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ቀነዓ ራሱ አንድ አጭር ድራማ ጻፈ። ምን እንደሚል ስጠይቀው ነገረኝ። አንድ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ቆሟል። መልእክተኛ ይገባና «ወንድምህ ሞቷል» ይለዋል። ነጋዴውም «እሺ፤ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይላል። ከዚያ ዕቃውን ወደ መደርደር ይመለሳል።

«አለቀ?» አልሁት።

«አለቀ» አለኝ።

እናትን ወንድም ብሎ ጻፈው እንጂ ሱቁ የት፣ ነጋዴው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ።

ልጆቹ ተጫወቱት። አንዳንዱ መርዶዋን መሬት መሬት እያየ በሹክሹክታ አላት፤ አንዳንዱ ሳቅ አመለጠው፤ እንዲያም ሆኖ ሁሉም አሏት። ሐዊ የምትባል ልጅ ናት አልልም ያለችው። መልእክተኛዋ እሷ ነበረች። ሱቁ ገባችና በእንግሊዝኛ «ወንድምህን ትንሽ አሞታል፤ ቤት እንሂድ» አለች። ቀነዓ «እንደገና» አላት። «ትንሽ አሞታል» አለች። «ጽሑፉን፣ ሐዊ። እንደገና።» ያንኑ መለሰች። ክፍሉ ሳቀ። ከሃያው ዜሮ ሰጣት።

ይህን የነገረችኝ የሐዊ እናት ወርቂቱ ናት። ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ቤታቸው ከእኛ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ቅርጫቷን እንደተሸከመች ግቢያችን ገባች።

«እማማ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ? የእርስዎ ቀነዓ ፈረንጅ ሆነ እንዴ?»

«ምን አደረገ ደግሞ?»

«ልጄን ሰው ፊት መርዶ ተናገሪ ይላታል! ሟርት አይደለም እንዴ? የእሷ ወንድም ወታደር ቤት ነው ያለው። ‹ወንድምህ ሞቷል› ብላ አፏን ትክፈት? እኔስ ብሆን እላለሁ?»

«ፈተና ነው እኮ፣ ወርቂቱ።»

«ፈተናማ ነው! ዜሮ ተሰጣት፤ ይቺ ዜሮ በእንግሊዝኛው ጣለቻት። ክፍል ልትደግም ነው። አባቷ ደግሞ ‹የሚደግም ልጅ አላስተምርም፤ አኖ ከተማ አክስቷ ጋር ሱቅ ትቁም› ብሏል። እሱ ያለውን አይመልስም። ውጤቱ ዓርብ ይገባል አሉ።» ቅርጫቷን ከራሷ አውርዳ አንድ እፍኝ ቃሪያ አወጣችና ጭኔ ላይ አደረገችው። «ይህ ጉቦ አይደለም። እንዲያው ነው።»

ማታ ራት ስንበላ ነገርሁት። እጁን እያገላበጠ አየው። «ጽሑፉን ቀየረች እኮ፣ አኮ» አለ። «ሌሎቹ ያለውን ነው ያሉት። እሷን ለይቼ ምን ብዬ ልስጣት?»

«እንደገና አትልም?»

«ሁለት ጊዜ አልሁ።»

ቃሪያውን ቆርጦ በላ፤ እንደሚያቃጥል ፊቱ ላይ አላየሁበትም። በኋላ እጁን ሲታጠብ እንዲህ አለኝ፤ «ክፍል ውስጥ ጊዜ የለም። ነገ ከሰልፍ በፊት እዚህ ትምጣና ታሳየኝ። ብቻዋን አትምጣ፤ የሚያጫውታት ሰው ይዛ ትምጣ። ያቺን ቃል ካለች አርምላታለሁ።»

መልእክቱን ወርቂቱ ቤት ያደረስሁት እኔው ነኝ።

ሲነጋጋ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ የቆርቆሮ በራችን ተንኳኳ። እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ በሩንም የከፈትሁት ይህን እያወቅሁ ነው። ነገር ግን ሐዊ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ከኋላዋ ሞረዳና ሮብሳን የሚባሉ የክፍሏ ልጆች አሉ፤ ሁለቱም የአባቶቻቸውን ጋቢ ደርበው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሦስቱም አይናገሩም። የበሩን እንጨት ይዤ በሕይወት ያለ ዘመዴን ሁሉ በስሙ ጠራሁ፤ እህቴን፣ የእህቴን ልጆች፣ ወሎ የቀሩትን።

«ማነው?» አልሁ።

ሐዊ ደነገጠች። «እማማ፣ ፈተናው ነው! ፈተናው ነው እኮ!»

«ፈተና እንዲህ ተለብሶ ይመጣል?»

«ታዲያ መርዶ በዩኒፎርም ይነገራል?» አለች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ቀነዓ ድምፃችንን ሰምቶ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ወጣ። ልጆቹን ሲያይ ቆመ። ሞረዳ ቀረብ ብሎ በእንግሊዝኛ እንዴት አደሩ አለው። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ሰላምታ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይለያል። ሮብሳን ዱካውን አምጥቶ ከኋላው አስቀመጠለት። በኋላ ልጆቹ እንደነገሩኝ ሞረዳ ስለ ሌሊቱ ዝናብ ጠየቀው፤ ስለ በቆሎ፣ ስለ ከብት ጠየቀው፤ ነጋዴ የተባለው ሰው ከብት ይኑረው አይኑረው እኔ እንጃ። ቀነዓ በአጭር በአጭሩ መለሰለት። ሳያስበው ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ወንዶች በግራና በቀኙ ቆሙ፤ ሐዊ ፊቱ ተንበርክካ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። ከዚያ ያቺን ቃል አለቻት፤ እንደተጻፈችው፣ ምንም ሳትቀይር፣ ቀስ ብላ። ሞረዳና ሮብሳን ትከሻውን ያዙት።



ልጆቹ ጠበቁ። የጥርስ ብሩሹ ውኃ እጅጌው ላይ ይንጠባጠባል።

«ቲቸር» አለች ሐዊ በአማርኛ፣ «የእርስዎ ተራ ነው። አመሰግናለሁ የምትለዋን ይበሉ።»

«ረሳኋት» አለ።

«እርስዎ አይደሉም የጻፏት?»

«እኔ ነኝ።»

ቀነዓ አላለቀሰም፤ እኔም ያለቅሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ጉልበቱ ላይ ያለውን የልጅቱን እጅ ብቻ ያያል። ሞረዳ ይልቀቅ አይልቀቅ ግራ ገብቶት አየኝ። ልጆቹ እንደያዙት ቆዩ።

በዚህ መሀል የበሩ ቆርቆሮ ድጋሚ ተንኳኳ። ኦቦ ባቻ ነው፤ ፊት ለፊታችን የሚኖረው፣ የሰፈራችን እድር ለፋፊ። ነጠላ የዘቀዘቀች ልጅ በጎህ ግቢያችን ስትገባ ከመስኮቱ አይቷል። ጡሩምባውን ብብቱ ውስጥ ይዞ፣ የአንድ እግሩን ጫማ ገመድ ሳያስር ነው የመጣው። ከኋላው ሚስቱና ሌሎች ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተከትለዋል።

«አዴ! ማል ታኤ?» አለኝ። «ምን ሆናችሁ? ማነው?»

«ኧረ ፈተና ነው» ልለው አፌን ከፈትሁ።

«እናቴ ናት» አለ ቀነዓ።

ኦቦ ባቻ ቆመ። ባዩሽ የሞተች ጊዜ ጡሩምባውን የነፋው እሱ ነው፤ የሞተችበትን ዓመት ከእኔ እኩል ያውቃል። ቀነዓን አየው፤ ልጆቹን አየ፤ እኔን አየኝ። ሊጠይቅ እንደፈለገ አፉ ተንቀሳቀሰና ተወው። ባርኔጣውን አወለቀ። ጡሩምባውን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ ከቀነዓ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹም ገብተው ተቀመጡ። «እግዜር ያጽናህ» አለችው የባቻ ሚስት፤ እሱም «አሜን» አለ። በዚያን ጊዜው ለቅሶ እሱ ወንበር አቅራቢ ነበር እንጂ ለተቀመጠ ሰው የሚባለውን ሲሉት አልሰማሁም።

ወርቂቱ የልጇን ነገር ልታይ ስትመጣ ግቢው ሞልቶ አገኘችው። «ዋቃዮ! ለአንዲት ዜሮ ይህ ሁሉ ሰው?» አለች። ሴቶቹ ዝም አሰኟት።

ፀሐይ ወጣ። ሐዊ ከተንበረከከችበት ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ሰው መሀል ይህን መጠየቅ ነውር እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታያል። ግን ውጤቱ የሚገባው ዓርብ ነው፤ አባቷም አባቷ ነው።

«ቲቸር… ውጤቴስ?»

እናቷ ቆነጠጠቻት። «ምን ላድርግ!» አለች ሐዊ።

ቀነዓ ቀና አለ። «አስራ ስምንት።»

«ሁለቱ የት ሄደ?»

«ከብቱና በቆሎው ጽሑፉ ውስጥ የለም።»

«እሱን ሞረዳ ነው ያለው!»

ኦቦ ባቻ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አፉን በባርኔጣው ሸፈነ። ወርቂቱ ደግሞ በጣቷ ስትደምር ቆይታ «ታልፋለች» አለች። «በአስራ ስምንት ታልፋለች።» ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላትና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

የሰልፉ ደወል ከሩቅ ተሰማ። ቀነዓ ሁልጊዜ ይህን ደወል ሲሰማ ትምህርት ቤቱ በር ደርሶ ነበር የሚገኘው። አሁን ከዱካው አልተነሳም። ማርክ የሚሞላበትን ወረቀት ከቤት አስመጥቶ በሐዊ ስም ትይዩ አስራ ስምንት ጻፈና ሰጣት።

«ለዳይሬክተሩ ስጪልኝ። ዛሬ አልገባም።»

«ለምን ቀሩ ቢለኝ ምን ልበለው?»

«ለቅሶ ተቀምጧል በዪው» አለ።

ልጆቹ ወጡ። የባቻ ሚስት ከቤቷ ዳቦ አስመጥታ ቆርሳ ሰጠችው፤ ተቀብሎ ያዘው፤ አልበላም። ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ደረቅ እንደሆነ ዋለ። እኔም ጓዳ ገብቼ ፍራሹን ከአልጋው ላይ ጎትቼ አወጣሁና መሬት ላይ አነጠፍሁለት።