ቡሌ ላይ ያደረ ጎማ

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። የማስተምረው ከዲላ በላይ፣ ቡሌ ደጋ ላይ ነው። አምና በክረምቱ መግቢያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎቻችንን ለአገር አቀፉ ፈተና ዲላ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስ አድርሺ ተባልኩ። ፈተናው የሚሰጠው እዚያው አሳድሮ ስለሆነ ልጆቹ ብርድ ልብስና ሻንጣ ይዘዋል። የግቢው በር ቀትር ላይ እንደሚዘጋ ተነግሮናል።

የተከራየናት ሚኒባስ ከዲላ መጥታ ትምህርት ቤታችን ግቢ አድራለች። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ጣሪያዋ ላይ ሻንጣ ሲጫን ዞሬ አየኋት። የኋላው ቀኝ ጎማ ታችኛው ጎኑ ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ የምታህል የንፋስ መለኪያ አለችኝ። ማታ ጠንክሮ የነበረ ኳስ ጠዋት ለምን እንደሚለሰልስ ለተማሪዎቼ የማሳየው በእሷ ነው። አራቱንም ጎማዎች ለካሁ። አራቱም የሾፌሩ በር ላይ ከተጻፈው በታች ናቸው፤ የኋላው ቀኝማ ከሁሉም የባሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ንፋስ የለውም» አልኩት ሾፌሩን።

በጫማው ጫፍ ጠለዘው። «ሰማሽ? ድው ነው የሚለው! ትናንት ከሐዋሳ ስመለስ ዲላ ላይ ድንጋይ ሆኖ ነበር። እንዳይፈነዳ ብዬ ራሴ ነኝ ያስተነፈስኩት።»

ስህተቱ እዚሁ ላይ ነበር። እዚህ አገር ብዙ ሾፌር የሚሠራው ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። ጎማ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየርም ሲግል ይገፋል። ይህ ጤናማ ነው፤ ሲበርድ ይመለሳል። የጋለውን ጎማ ካስተነፈስነው ግን ሲበርድ የሚመለሰው ከሚገባው በታች ወርዶ ነው። በዚያ ላይ ቡሌ ብርድ ውስጥ ሲያድር ይብስበታል። የለሰለሰ ጎማ ጭነት ተሸክሞ ሲሽከረከር ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ያግለዋል፤ ሙቀቱ ውስጡን ይበላዋል። ከቡሌ ዲላ ድረስ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ትክክለኛው ልኬት ጠዋት፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚወሰደው ነው።

ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጥቁር ሰሌዳ አለ እንዴ?» አለ። ሊሸኙ የመጡት ወላጆች ሳቁ። «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እኮ ነው መሪ የያዝኩት።»

«ብርዱም እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው፣ ጋሼ።»

አሁን ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ ግን ፊቱን አጠቆረ። ከወላጆቹ መሃል አንድ አዛውንት አባት ከዘራቸውን አንስተው፣ «መርቀን ጨርሰናል! የተመረቀ መንገድ ይቆማል እንዴ?» አሉ።

«ምርቃቱ እንዳለ ይሁን፣ አባባ። ንፋስ ብቻ ልጨምርበት።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጎን ወሰደኝ። «አንቺ ልጅ፣ በሩ ቢዘጋባቸው ምን ልትያቸው ነው? የአሥራ ሁለት ዓመት ድካማቸው ነው።»

ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ሄጄ የሚኒባሷን በር ዘጋሁና ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። «ኃላፊያቸው እኔ ከሆንኩ አንዲትም አትገባም። አይ ካሉኝ እርስዎ ይዘዋቸው ይውረዱ፤ እኔ እቀራለሁ» አልኩት። ሰዓቱን አየ፤ ጎማውን አየ፤ ይዣቸው እወርዳለሁ ግን አላለም።

ገበያው አጠገብ ሞተር ብስክሌት ከሚጠግነው ሰው የእጅ ፓምፕ ተዋስን። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ሬዲዮ ከፈተ፤ እኛ በየተራ ነፋን። ክንዳችን ዛለ፤ ብርዱም ለቀቀን። አንዷ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ቲቸር፣ ይሄም ፈተናው ላይ ይመጣል እንዴ?» አለችኝ።

«ከመጣ ከእናንተ በላይ የሚመልሰው የለም።»

አራቱም ጎማዎች በሩ ላይ የተጻፈውን ሲያሳዩ «አሁን ግቡ» አልኩ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ የማየው ሰዓቴንና መንገዱን ብቻ ነበር። እንሰቱ መሃል ቡናው መታየት ሲጀምር ልጆቹ ካፖርታቸውን አወለቁ። ዲላ መግቢያ ላይ ባጃጆቹ መንገዱን ዘግተውት ሾፌሩ ክላክሱን ሲያስጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ግቢው ደጃፍ ስንደርስ ሰልፉ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ በሩ ግን ክፍት ነበር። ልጆቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሮጡ።

«አየሽ?» አለኝ ሾፌሩ ጎማውን እየጠለዘ። «ምን ሆነ? ምንም!»

ሳንነፋው ብንወርድ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። ልጆቹን ጭኜ ልሞክረው አልፈለግኩም፤ ያጣላንም ይኸው ነው።

ወዲያው ርዕሰ መምህሩ ደወለ። ሾፌሩ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብሎ በስልክ አቤት ብሎ ነበር። «ደርሳችኋል አይደል? በይ እንግዲህ ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩን እንዝጋው» አለኝ።

«ስላረፈድን ከሆነ ልጆቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩት። «ስለ ጎማው ግን አልጠይቅም።»

«የሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው እልካለሁ።»

«ይላኩ። መለካቱን ከአሁኑ አስተምረዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋው። የመጨረሻዋ ልጅ ብርድ ልብሷን አናቷ ላይ ተሸክማ የፍተሻውን ጠረጴዛ ስታልፍ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት።