የጋሼ ወንድይፍራው ጀርባ

ባለፈው እሑድ ሀና ማርያም ሰፈር፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ፣ አንዲት ወጣት የሙዚቃ አስተማሪ መድረክ ላይ ወጥታ እጅ ነሳችና ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። ልጆቹን ልታዘምር ነው። አዳራሹ አጨበጨበላት፣ ማንም አልተቀየማትም። የእኔ እጅ ግን ሳያጨበጭብ ቀረ፤ ልክ እንዲህ አድርገው ጀርባ የሰጡ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

ጋሼ ወንድይፍራው መካኒሳ ከእኛ ቤት በቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለዩ ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው በሠራዊት ባንድ ክላርኔት ሲነፉ አንድ ጣሊያናዊ አስተማሪ ኦፔራ እንዴት እንደሚመራ አስተምሯቸው፣ ከዚያ ወዲህ የሚመሩት ኦፔራ አጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት መስኮታቸውን ከፍተው ሸክላ ያጫውቱና፣ ሟቿ ሹራብ ይሠሩበት የነበረውን ረጅም መርፌ ይዘው፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ባዶውን ሶፋ ይመሩ ነበር። እኛ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን በሳቅ ስንፈርስ እናቴ «ብቸኝነት እኮ ነው፣ ተዉዋቸው» ትለን ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀበሌያችን ኪነት፣ የወጣቶቹ የዘፈን ቡድን፣ አሠልጣኝ ሲያጣ ሊቀመንበሩ ጋሼን አስጠራቸው። ሰውየው በአንድ ሳምንት ልጅ ሆነው አረፉት፤ ጢማቸውን ተላጩ፣ ኮታቸውን አስተኮሱ፣ ከአንድ የጣሊያን ኦፔራ የኅብረት ዜማ ወስደው የአማርኛ ግጥም ጻፉለትና ስለ ገበሬ ነው ብለው አስፈቀዱት። ዜማውን ብቻዬን የምጀምረው እኔ ነበርኩ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፤ ሌላው ሁሉ ከእኔ በኋላ ነው የሚገባው። «እጄን ሳይሆን ፊቴን እዪ» ይሉኝ ነበር፤ ኦፔራ የሚመራው በትንፋሽ ነው፣ መሪው አየር ሲስብ ዘፋኟም ትስባለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታቆየው ይጠብቃታል እንጂ አይጎትታትም። መፍራቴን ሲያዩ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ እስክትጀምሪ እጄ አይወርድም» አሉኝ። «የኔ ልጅ» ማለታቸው ደስ ብሎኝ ቤት ድረስ እየሮጥኩ ገባሁ።

ዜማውን በምናቀርብበት በዓል ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡት እንግዶች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ጋሼ ወጡ፣ እጅ ነሱ፣ ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። የሚስታቸውን መርፌ ሲያነሱ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነስቶ «ጓድ ወንድይፍራው! ለእንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ? ይዙሩ እንጂ!» አለ። እውነቱን ለመናገር አዳራሹ ሁሉ እንደ እሱ ነበር ያሰበው፤ እኔም ቤታችን እንግዳ መጥቶ ጀርባዬን ብሰጥ የእናቴ ኩርኩም አይቀርልኝም ነበር። ጋሼ ወደ እንግዶቹ ዞሩና እጃቸውን እንደገና አነሱ። ለእኛ ጀርባቸው ቀረልን። ፊታቸው ባይታየኝም የኮታቸው ትከሻ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል አየሁ፤ አየር ሳቡ። የእኔ መግቢያ ነበር። አልጠፋኝም፣ በደንብ አውቄዋለሁ። ግን ሊቀመንበሩ ዓይኑን አፍጦብኝ ነበርና ፈራሁ፤ አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

እጃቸው አልወረደም። ምን ያህል እንደቆየ እንጃ፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የቆመችው የመርፌዋ ጫፍ ግን ዛሬም ትታየኛለች። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ አኮርዲዮን ተጫዋቹን ጠቀሰውና የተለመደው መዝሙር ተጀመረ፤ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ዘመርን።

ማንም ክፉ አላደረሰባቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ኪነቱ ጋ አልመጡም፣ ያ ብቻ ነው። ሰላምታዬንም እንደ ወትሮው ይመልሱልኝ ነበር። የእሑዱ መስኮት ግን ተዘጋ፣ ሸክላው ከውስጥ ታፍኖ ይሰማል፤ እኔም ሳቁን ትቼ አጥሩ ሥር ብቻዬን እቆማለሁ። ይቅርታ ልላቸው ስንቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ሳለሁ ሞቱ፣ ቤታቸውም ፈርሶ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል።

እሑድ ዕለት የአስተማሪዋ ትከሻ ከፍ ሲል እኔም ከወንበሬ ላይ አየር ሳብኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ያንን ዜማ ጀመርኩት። ግጥሙን አልረሳሁትም፣ መግቢያዬንም አልሳትኩትም። እጁን ሰቅሎ የሚጠብቀኝ ሰው ግን የለም።