ዶሮዋ ግን አነከሰች

ሽማግሌው ወጌሻ ናቸው፤ ከሮብ ገበያ በኩል ነው የመጡት። ጋቢያቸው ውስጥ ዛሬም ስብራት ማሰሪያ የቀርከሃ ፍልጥ አለ። ሰው እያነከሰ ባለፈ ቁጥር ዓይናቸው ጉልበቱን ተከትሎ ይሄዳል። ትናንት ሚስታቸው ወድቀው ክንዳቸው ቢያብጥ ግን ራሳቸው አልነኩትም፤ ይዘዋቸው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መጡ።

"እርስዎ እያሉ?" አለቻቸው ዘመናይ፣ የራጅ ባለሙያዋ።

"በእሷ ክንድ ላይ ራሴን አላምንም።"

ዘመናይ የራጁን ፊልም መስኮቱ ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው። አዲስ ስብራት የለም።

"ይቺ አጥንቱ ላይ ወፈር ያለችውስ?" ሽማግሌው ገላ እንደሚዳብስ ሰው ፊልሙን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

"የድሮ ስብራት ናት። ገና አጥንታቸው ሳያድግ ነው የተሰበሩት። በዚያ ዕድሜ በደንብ ካልታሰረ ተጣሞ ያድጋል፤ ይሄ ግን ቀጥ ብሏል። የጠገናቸው ሰው እጁ ይባረክ።"

ሽማግሌው ፊልሙን ከመስኮቱ ላይ አንስተው ያዙ። "እኛ መጀመሪያ የዶሮ እግር ሰብረን፣ ጠግነን ነው የምንማር። ከዶሮዋ ቀጥሎ ያሰርሁት የእሷን ክንድ ነው። ዶሮዋ እስከ መጨረሻው አነከሰች።"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሚስታቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። "ይኸው ከተጋባን ጀምሮ፣ አጠገቤ በተቀመጠ ቁጥር ይኸን ክንዴን ይዳብሰዋል። እኔ ደግሞ ፍቅር ነው ብዬ።"

ሽማግሌው ፊልሙን ለዘመናይ መለሱና አግዳሚው ላይ ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደዚያችው ቦታ ተመለሰ።