እኩል ምልክት የሌላት ካልኩሌተር

ቢቸና ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪውም አላሳፈረኝም።

ካልኩሌተሬን ያገኘኋት ሞጣ ገበያ፣ በአሮጌ ራዲዮኖች መካከል ነው። ሻጩ በርካሽ የለቀቀልኝ እኩል ምልክት ስለሌላት ነበር። «አባቴ፣ ብልሽት ናት፤ ለልጅ መጫወቻ ትሆንዎታለች» አለኝ። እኔ ግን የሠራት ሰው ዋናውን ቁልፍ እንዲሁ አይረሳም ብዬ ይዣት ገባሁ።

ብዙ ቀን ታገለችኝ። ምስጢሯ የተገለጠልኝ መጋዘን ውስጥ ቆርቆሮ ስቆልል ነው። መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይነሣል። እሷም እንዲያው ናት፤ ማስገቢያ ቁልፏን እየነካህ ቁጥሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ትቆልላለህ፤ መደመሪያውን ወይም ማባዣውን ስትነካ የላይኞቹን ሁለቱን አንሥታ አንድ ታደርጋቸዋለች። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ጣጣው የመጣው ከገዢ ነው። በእኛ ከተማ ነጋዴ ሲያሰላ ካልኩሌተሩን ወደ ገዢው አዙሮ ነው፤ ገዢውም ጣቱን በዓይኑ ይከተላል። በቅርቡ አንድ ገበሬ ለጣሪያ መጣና አዞርኩለት።

«አንቱ፣ እኩል ይሆናልን የት አደረሱት?»

«የላትም።»

«ታዲያ መልሱን ማን ነገራት?»

«እኔ ነኛ!»

«እሱን ነው የፈራሁት» ብሎ ሳቀ። ከማዶው ሱቅ ቆርቆሮ ጭኖ ሲሄድ አየሁት።

አብራኝ የምትሠራው ልጄ ተቆጣች። በማግስቱ ተራ ካልኩሌተር ገዝታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«አባባ፣ ያቺን ይተዉአት። ሰው የምናታልለው ይመስለዋል።»

«ሰው ያልገባውን ሁሉ ልተው? እንዲያማ ቢሆን አንቺንም በተውኩሽ ነበር።»

«ይቀልዱ! ስማችን ከጠፋ ቆርቆሮው እዚሁ ዝጎ ይቀራል።»

እውነቷን ነው፤ አደጋ ላይ የወደቀው ስማችን ነበር። ግን እኔ ጉልበቴ የሚደክመው ዳገት ላይ እንጂ ክርክር ላይ አይደለም። ያቺው ትቀመጥ አልኩ።

በገበያ ቀን ሱቁ ሞልቶ ሳለ አንድ ጎልማሳ መጣ። ለመኖሪያ ቤቱ ሃያ ቆርቆሮ፣ ለማድ ቤቱ ደግሞ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ይፈልጋል። ልጄ በአዲሱ አሰላችለት፤ ሃያ፣ መደመር፣ ሦስት፣ ማባዛት፣ ስምንት።

«እታለም፣ መቶ ሰማንያ አራት? ቤተ ክርስቲያን ልከድን ነው እንዴ የመጣሁት?» አለና ስልኩን አወጣ። «ይኸው፣ አንቺ የነካሽውን ነው የነካሁት፤ አርባ አራት ይላል።»

ደገመችው፤ ያው መቶ ሰማንያ አራት። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱማ ወደ በሩ ዞረ።

ተነሣሁ። «ሃያ!» ብዬ ጮኼ አስቀመጥኩ። «ሦስት! ስምንት! የላይኞቹን ሁለቱን አባዛለሁ፤ ማድ ቤትህ ነው። ከሥር የቀረውን ሃያ እደምራለሁ፤ መኖሪያህ ነው።» አዞርኩለት፤ አርባ አራት።

«የልጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱ እንደመጣለት ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስልክህ ደግሞ ሳትነግረው ማባዛቱን ያስቀድማል። ሁለቱም በራሳቸው ይፈርዳሉ። የእኔዋ ግን አትፈርድም፤ የሚፈርደው ባለቤቷ ነው።»

«ማሽኗስ ደህና ናት፤ የባለቤቷ ድምፅ ነው የበዛው» አለና ጋሪ ጠራ። ወደ በሩ የዞረውም ተመለሰ።

ሰው ሲቀንስ ልጄ፣ «እኔም ማባዛቱን ባስቀድም ኖሮ ይመጣልኝ ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። የእሷን ከባንኮኒው አላነሣሁባትም፤ የእኔንም አላነሣችብኝም።

አሁን ቁጥሩን ሁሉ ጮኼ እናገራለሁ፤ የፈለገ በስልኩ ይከተለኝ። እኩል ምልክት ካላየሁ ብሎ ከማዶ የሚሄድ አሁንም አለ። ይሂድ! ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩትን፣ ማንም ስለሳቀብኝ አልረሳውም።