የአለቃው ሞት በማን እጅ ነበር

ትናንት ልጄ ከጎረቤት አሮጌ ጆይስቲክ ተውሶ መጣና ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገው። እጅ የጠገበ ላስቲክ፣ ላብና የማንጎ ጭማቂ የደረቀበት፤ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ምን ልበልህ፣ የልጅነቴን ጌም ቤት አመጣብኝ። "አባ፣ ትችላለህ?" አለኝ። ጆይስቲኩን መልሼለት ወደ ደጅ ወጣሁ። አንተ ደግሞ እንዲሁ የምትለቀኝ ሰው አይደለህምና ልንገርህ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ አንድ ጌም ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት ያንገበግባል፤ በሚስማር ቀዳዳ የሚሾልከው ፀሐይ ወለሉን አዥጎርጉሮታል፤ ከውጭ ረዳቶቹ "ኮምቦልቻ ደሴ! ኮምቦልቻ ደሴ!" እያሉ ይጣራሉ። እኛ ግን እዚያ የለንም። እኛ በረዶ ባለበት አገር ከዘንዶ ጋር ጦርነት ላይ ነን።

አራት ነበርን፤ እኔ፣ የአስተማሪው ልጅ፣ የጋራዡ ልጅ፣ እና ከጨፋ ለትምህርት መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ ጓደኛዬ። ሌላው ኳስ ሲያሳድድ እኛ አንዲት ረጅም ጨዋታ ይዘን ለወራት ተራ በተራ ገፋናት። የምንይዘው ሰው የጦሩ አለቃ ጋሻ ጃግሬ ነው። አለቃው ራሱ ለጆይስቲክ አይታዘዝም፤ በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል፣ እኛ ጋሻ ይዘን እንከተለዋለን። ሽበቱን የጎነጎነ ትልቅ ሰው ነበር። ከውጊያ በፊት በወታደሮቹ መሐል እያለፈ የእያንዳንዳቸውን ትከሻ ይነካል። እንግሊዝኛውን አንዳችንም በቅጡ አንሰማውም፤ ግን ወላሂ እንወደው ነበር።

አንድ ቀን በጓደኛዬ ተራ፣ ድልድይ ላይ፣ ዘንዶው ጭራውን ሲያወርድ አለቃው ተመትቶ ወደቀ። ሞተ። ጓደኛዬ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ክርክሩ ተነሳልህ። ሳምንት ሙሉ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሸንኮራ እየመጠጥን፣ ለምን ሞተ? የአስተማሪው ልጅ ለንጉሡ የገባውን ቃል ስላፈረሰ ነው አለ። የጋራዡ ልጅ ፈረሱ ውሃ ሳይጠጣ ድልድይ ላይ መውጣቱን አመካኘ። በዚህ ተጣልተው ሁለት ቀን ተኮራርፈዋል፤ አትሳቅ። በመጨረሻ ግን ሁሉም አንድ ነገር ላይ ተስማማ፤ ጋሻው ዘግይቷል። ጋሻውን የያዘው ደግሞ ይታወቃል።

እኛ አገር ሰው ሲገደል ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ያደርቃል፤ አባቶቻችን ሲቀመጡ እያየን ነው ያደግነው። እኛም ተቀመጥን። ከጌም ቤቱ ኋላ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል። የገዳይ ወገን እሱ ብቻውን ነበር። ጌም ቤቱን የሚጠብቀው ጎልማሳ እየሳቀ ሽማግሌ ሆነልን። ጓደኛዬ ግን አልሳቀም። ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ "በእኔ እጅ ነው የሞተው" አለ። ጉማ ተፈረደበት፣ የደም ካሳ። ታሪኩ እስኪያልቅ ጆይስቲክ እንዳይነካ፣ ስንጫወትም እንዳያይ። የእሱ ተራ ለእኔ ተሰጠ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ስማ። እኔ አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዒድ ደሴ አክስቴ ቤት ሄጄ፣ ልጇ ያንኑ ጨዋታ ሲጫወት አይቻለሁ። ጋሻውን በጊዜ አነሳ፣ ምንም አልዘገየም፣ አለቃው ግን እዚያው ድልድይ ላይ ሞተ። እዚህ ጋ መሞቱ የግድ ነው፣ ታሪኩ ነው፣ ማንም ቢይዘው ይሞታል ብሎኛል። ማንጎው ሥር ይቺን ብቻ ብናገር በቂ ነበር። አልተናገርኩም። ከእሱ ቀጥሎ እጁ ቀልጠፍ ያለው እኔ ነበርኩ፤ ተራው ለእኔ እንደሚመጣ ገብቶኛል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንኳን ለአንተ፣ ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ጨዋታውን ጨረስነው። ጓደኛዬ አስረኛን እንዳጠናቀቀ ወደ ጨፋ ተመለሰ።

ባለፈው ዓመት ጨፋ ሮቢት ገበያ አገኘሁት። ማሽላ ጭኖ መጥቷል። "አከም ጅርታ" ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቆ ጥምጥም አለብኝ። ሦስት ልጆች ወልዷል፣ አልሐምዱሊላህ። የድሮውን ስናነሳ እየሳቀ አንድ ጉድ ነገረኝ። ከፍርዱ በኋላ፣ እኛ ክፍል ስንሆን፣ ከትምህርት እየፎረፈ ብቻውን ጌም ቤት ይሄድ ነበር። አለቃውን ላድን ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምርና ድልድዩ ድረስ ይደርሳል። አለቃው ሲወድቅ ጨዋታውን ያጠፋዋል፤ በሌላ ቀን እንደገና ከመጀመሪያው። ስንቴ እንደገደለው አላህ ነው የሚያውቀው። በኋላም ሚኒባስ የሚነዳው አጎቱ ረዳት አድርጎ መሪ ሊያስጨብጠው ሲጠራው እምቢ አለ።

"እጄን አላምነውም ነበር" አለኝ። "በዚህ እጅ ሰው ጭኜ ልሻገር?"

ሳቁን ልከተለው አልቻልኩም። እዚያው ገበያ መሐል ሁሉንም ነገርኩት። ደሴ ያየሁትን፣ ማንም ቢይዘው እንደሚሞት፣ እኔ ለምን ዝም እንዳልኩ። "አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

የማሽላውን ጆንያ አፍ ያስራል፤ ያሰረውን ፈትቶ እንደገና ያስራል። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

"አፉ ብያለሁ" አለ። ጆንያውን ለቀቀና፣ "ከአለቃው በኋላ ወታደሮቹን ማን መራቸው?"

ለካ መጨረሻውን አላየም። ከድልድዩ ወዲያ አንድም ቀን አላለፈም።

"ጋሻ ጃግሬው" አልኩት።

"እኔ የያዝኩት?"

"አንተ የያዝከው። ሁሉንም አሻግሮ አገራቸው ያስገባቸዋል።"

እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸው። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና፣ "ከድልድዩ ጀምረህ ንገረኝ" አለኝ።