የሚዛኑ ተካ በአማን ጎል

ልብስ ሰፊው ተካ በሃይማኖት ጉዳይ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። እሁድ ጠዋት እሱ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ አስካለች መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ወደ ጸሎት ቤቷ ትሄዳለች፤ ሲመለሱ አብረው ምሳ ይበላሉ። ጠባቸው የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ኳስ ሜዳ ሲሄዱ ነበር። ተካ የሚዛን ነው፤ አስካለች የአማን ናት።

ዛሬ ሁለቱ ከተሞች ሚዛን-አማን ተብለው አንድ ሆነዋል፤ የዘንድሮ ልጆች ድሮም አንድ የነበሩ ይመስላቸዋል። እነሱ ምን ያውቃሉ። ያኔ በጨዋታ ቀን አማን ሄዶ ሚዛንን የሚያሞግስ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥር ነበር። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ መንገድ ዳር የሠሩትም አንዳቸው ወደ ሌላው ሰፈር አልገባም ስላሉ ነው።

ሜዳው በር ድረስ በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ። በሩ ላይ ሲለያዩ ጃንጥላውን አስካለች ትወስዳለች፤ ተካ ይበሰብሳል። እሷ ከአማን ደጋፊዎች ጋር ትቆማለች፤ እሱ ደግሞ ዞሮ ከአማን ጎል ጀርባ ይሄዳል። እዚያ ምን አለው ቢባል፣ የአማን በረኛ ጴጥሮስ የአስካለች ታናሽ ወንድም ነው።

“ጴጥሮስ፣ እህትህ እያየችህ ነው፤ ዛሬ እንኳ አታሳፍራት” እያለ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይነዘንዘዋል። ጴጥሮስ በሥራ ቀን ቡና በጆንያ የሚሸከም፣ እጀ ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ለነገር መልስ አይሰጥም። ኳስ ባዳነ ቁጥር ግን ዞር ብሎ ለተካ በትሕትና እጅ ይነሳል። ተካን ከሽንፈቱ ይልቅ ያ እጅ መንሳት ያበግነው ነበር።

የተሸነፈው ሳምንቱን ውኃ ይቀዳል፤ ይህ የቤቱ ሕግ ነው። ጎረቤቶች ውጤቱን የሚያውቁት ሰኞ ማለዳ ጀሪካን ይዞ የወጣውን አይተው ነበር። አንድ ክረምት ተካ በተከታታይ ሲመላለስ ያዩ ሴቶች “ጋሽ ተካ፣ ምንጩን ገዛኸው እንዴ?” አሉት። እቤት ገብቶ ለአስካለች ሲነግራት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። ምነው ያ ዘመን እንደዚያው በቀረ።

ከተሞቹ ሲዋሃዱ ቡድኑም አንድ ሆነ። አስካለች አንድ ጨዋታ አይታ ስትመለስ፣ “ሁላችንም ካሸነፍን ማንን ላብሽቅ?” ብላ አዘነች። ቢሆንም መሄዷን አልተወችም፤ ጴጥሮስ የወጣቶቹን በረኞች ያሠለጥን ስለነበር እሱን ለማየት ትሄዳለች። አምና ግን ጴጥሮስ ታሞ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አስካለች ወደ ሜዳው አልሄደችም፤ የወንድሟንም ስም አንድ ቀን አላነሳችም። ገበያ ወጥታ ጎደሬዋን ሸጣ ትመለሳለች፤ ራት ታቀርባለች፤ ትተኛለች። ተካ ያ ሁሉ ስድብና ሳቅ ከቤቱ ሲጠፋ ሁለት ሰው እንደሞተበት ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ሚስቱን መልሶ ለማግኘት የታየው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጨዋታ።

ቤት ለቤት ዞሮ የድሮዎቹን ተጫዋቾች ለመነ። ከፊሉ ቦርጭ አውጥቷል፤ ከፊሉ ጉልበቱን ያመዋል፤ እምቢ ያለ ግን አልነበረም። የድሮው ሚዛን ከድሮው አማን ለእሁድ ተቀጠሩ። አስካለች ሲነግራት “ሂድ፤ እኔ ሥራ አለብኝ” ብቻ አለችው።

እሁድ ከምሳ በኋላ የአማኑ አምበል አልአዛር ማሊያውን እንደለበሰ ቤታቸው መጣ።

“እትዬ አስካለች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በረኛ የለንም። ‘በእሱ ቦታ አልቆምም’ ይላል ሁሉም። ጨዋታውን ልንተወው ነው።”

ተካ ሚስቱን አየና፣ “እኔ እቆማለሁ” አለ።

“አንተ የሚዛን ሰው አይደለህ?” አለ አልአዛር።

“የጴጥሮስስ አማች አይደለሁ?”

አስካለች ወደ ጓዳ ገባች። ተካ በልቡ አጥፍቻለሁ እያለ፣ ከአልአዛር ጋር ወጣ።

በአማን ማሊያ ሜዳ ሲገባ ሚዛኖች በሳቅ ሞቱ። ከጀርባው ብቻ የሚያውቀው ጎል ፊት ለፊቱ ሲቆሙበት እንዲህ ሰፊ መሆኑን አስቦ አያውቅም። የመጀመሪያዋ ኳስ እሱ ገና እጁን ሲያነሳ መረብ ነካች። ለሁለተኛዋ ዘሎ ጭቃው ላይ በጎኑ ወደቀ፤ ትንፋሹ ተቆርጦ ቶሎ መነሳት አቃተው። ምን አግብቶኝ ገባሁበት እያለ ሰማዩን ያያል።

“ተካ፣ መስመሩ ላይ ምን ገተረህ? ወጣ በል። ጴጥሮስ ወጥቶ ነበር የሚጠብቃት።”

ቀና አለ። አስካለች የጓዳ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከሜዳው ጠርዝ ቆማለች። አጠገቧ የነበሩት ስሙን ከአፏ ሲሰሙ ዞር ብለው አዩዋት። እሷ ግን አላየቻቸውም። እንባዋ እየወረደ፣ “እጅህን ክፈት፤ ጴጥሮስ እጁን ከፍቶ ነበር የሚወጣው” ትላለች። ተካ ተነሳ። ቀጣይዋ ስትመጣ እጁን ከፍቶ ወጣ፤ ኳሷ ደረቱን መትታ ወደ ውጭ ወጣች። በእጁ እንዳልያዛት አስካለች ወዲያው ነገረችው፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ፉጨት አፏን አልዘጋችም። አማን ክፉኛ ተሸነፈ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ተካ ጎኑን ይዞ ያነክሳል። እሷ ስለ ወንድሟ ታወራለች፤ በልጅነቱ ብርቱካን ስትወረውርለት አንዷን እንኳ ይጥል እንዳልነበር፣ ሆስፒታል ሳለም ስለ ልጆቹ ልምምድ ይጠይቅ እንደነበር። ተካ ይህንን ድምፅ ለመስማት ዓመት ጠብቋል፤ እንዳትቆም ፈርቶ እሺ እንኳ አይልም። ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ ራሷ ቆመች።

“ተካ፣ ሁለተኛ እዚያ ጎል እንዳትገባ።”

“ያን ያህል መጥፎ ነበርኩ?”

“መጥፎማ ነህ። ግን ወድቀህ ሳትነሳ ስትቀር ልቤ ቆመ። የእኔ ወንድም መሄዱ ይበቃል፤ አንተ ኑርልኝ።”

ተካ የጭቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ እጇን ያዘ። መንገዱ ከሜዳ በሚመለስ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሰው እያየው እጇን ይዞ አያውቅም። አስካለችም አላስለቀቀችም።